ኪያር የወጣበት አልጋ

ሰው ዓይኑን በጨው አጥቦ ሲመጣ እንዲህ ነው የሚመጣው፤ ሳይደውል፣ ሳያንኳኳ፣ በጭነት መኪና። ቅዳሜ ጠዋት ነው። ልብስ ሰፊዋ ከመስኮቷ ሥር በርጩማ ላይ ቆማ የቲማቲሟን ግንድ በብጣሽ ጨርቅ ከሽቦው ጋር ታስራለች። መኪናው መተላለፊያው አፍ ላይ ሲጢጥ ብሎ ቆመና ታላቅ ወንድሟ ከጋቢና ዱብ አለ። «እንዴት አደርሽ» የለ፣ «ደህና ነሽ ወይ» የለ። ቀና ብሎ ግድግዳውን የሸፈነውን ቅጠል፣ ከቅጠሉ መሐል የተንዠረገገውን ኪያር፣ ከኪያሩ ጀርባ ያለውን ብረት አየ።

«ይኼ የእናታችን አልጋ ነው?» አለ።

«ነው፤» አለች።

«ልወስደው ነው የመጣሁት።»

እንግዲህ ፍረዱ! ይህ ሰው ምን እንደጠየቀ እንዲገባችሁ የአልጋውን ነገር ከሥሩ ልንገራችሁ።

ልብስ ሰፊዋን ሰፈሩ «መርፌ» ይላታል። በሥራዋ ይመስላችኋል፤ በምላሷ ነው። የምትኖረው ባንዲት ክፍል ነው። ግማሹን የስፌት መኪናዋ፣ ግማሹን ደግሞ እናቷ የተኛችበት የሽቦ አልጋ ይዞት ነበር። እናትየዋ እግሯ ከከዳት በኋላ አራት ዓመት ሙሉ ከዚያ አልጋ አልወረደችም። መርፌ ትሰፋለች፣ ተነስታ ታገላብጣታለች፤ ትሰፋለች፣ ተነስታ ታጎርሳታለች። አንሶላ አጥባ እጇን በደንብ ሳታደርቅ ወደ መኪናዋ ትመለሳለች። አንሶላው ከመታጠብ ብዛት ሳስቶ ብርሃን ያሳልፍ ነበር። እናትየዋ ግን አፏ ደህና ነበር፤ ደንበኛ ልብስ ሊለካ ሲመጣ ከተኛችበት ሆና «እጅጌው አጥሯል!» ትላለች። ብዙ ጊዜ እውነቷን ነበር፤ መርፌም እየተነጫነጨች ትፈታዋለች።

ወንድምየው ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ የቧንቧና የብረታ ብረት ሱቅ አለው። ሠርቶ ያገኘ ሰው ነው፣ ማንም አይክድም። ግን አንድ ከተማ ውስጥ እየኖረ እናቱን በስልክ ብቻ የሚጠይቅ ሰው ምን ይባላል? «እንዴት ናት?» ይላል። «አለች፤» ትለዋለች። «በይ ሳሚልኝ፤ ሰው ቆሞ እየጠበቀኝ ነው፤» ይልና ጆሮዋ ላይ ይዘጋዋል። ሳሚልኝ! እሷም ስልኩን አስቀምጣ ትሄድና ትስማታለች። «ከጋሼ ነው፤» ትላለች። «ተባረክ በይልኝ፤» ትላለች እናት። እንዲህ በሰው ስም ስማ ስማ ከንፈሯ አለቀ። ና፣ ብቅ በል እንጂ ብላ የደወለችባቸው ቀኖችም ነበሩ። መልሱ ያው ነው።

እናት ሞተች። ቀብር ላይ ከሁሉም በላይ ጮኾ ያለቀሰው ማን ይመስላችኋል? እሱ ነዋ! ሁለት ሰው ደግፎት ነው ወደ መኪናው የተመለሰው። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ፤» አለች መርፌ በልቧ። በአፏ ግን አልወጣትም።

ሰው ሄደና አልጋው ቀረ። ልተኛበት ብላ ብትሞክር ጎኗ እሳት ሆነባት፤ ወለሉ ላይ ፍራሽ አንጥፋ ተኛች። ልጣለው ብትል ደግሞ እጇ እምቢ አለ። ምን ይሻላል ብላ ወንድሟን ጠየቀችው። «ያን ዝገት? ለብረት ለቃሚ ስጪው፤ ቤትሽ ይስፋ!» አላት። ይህችን ቃል ያዙልኝ።

አሁን ወደ አፈሩ እንሂድ። ከመስኮቷ ሥር፣ በግድግዳውና በመተላለፊያው መሐል፣ ወርዱ ክንድ የማይሞላ አፈር አለ። አላፊ አግዳሚው የሲጋራ ቁራጭ ይጥልበታል፣ ድመት ትተኛበታለች፣ ሌላ ጥቅም አልነበረውም። ፊት ለፊት ያለው ፎቅ ፀሐይዋን ስለሚጋርድ መሬቱ ቀኑን ሙሉ ጥላ ነው። ብርሃን የሚያርፈው ከመስኮቱ በላይ፣ ግድግዳው ላይ ብቻ ነው። መርፌ የቤቱ ዝምታ ሲከብዳት ጊዜ በቆርቆሮ የቲማቲም ችግኝ አፍልታ እዚያ ደረደረች። ችግኞቹ ብርሃን ፍለጋ እንደ ክር ቀጥነው ቀጥነው ወገባቸው ተቆረጠ። ከመኪናዋ ቀና ባለች ቁጥር እነሱን ታያለች፣ ከእነሱ በላይ ያለችውን ፀሐይ ታያለች፣ ዞር ስትል ደግሞ ባዶውን አልጋ ታያለች።

«ፀሐይዋ ወደኛ ካልወረደች እኛ ነና ወደሷ የምንወጣው!» አለች አንድ ቀን ድንገት። ልብስ ልታስጠብብ የመጣችው ደንበኛ ክው አለች።

የሽቦ አልጋ ማለት እኮ ሲያቆሙት መረብ ነው። ዓይኑ ሰፊ ነው፣ ኪያርም ፎሶሊያም ይዞት ይወጣል። ጎረቤት «መደገፊያ ከፈለግሽ እንጨት ይሻልሻል፤» አላት። እንጨቱ በመጀመሪያው ዝናብ ይበሰብሳል። ይህ ብረት ግን ሰው ተሸክሞ የኖረ ብረት ነው፤ ኪያር ያቅተዋል?

መተላለፊያው አፍ ላይ የሚሠራው በያጅ አልጋውን በሁለት ሰው አስይዛ «ቀጥ ብሎ እንዲቆም በይድልኝ፤» ብላ ስታመጣለት ሳቀ። «እትዬ መርፌ፣ ሰው ቆሞ ሲተኛ አይቻለሁ፤ አልጋ ቆሞ ሲተኛ ግን ዛሬ ነው፤» አለ።

«መሳቁን ትተህ ስማኝ። ራስጌውንና ግርጌውን ፈትተህ ከሽቦው ጋር ቀጥ አድርገህ አያይዝልኝ። ቁመት ነው የምፈልገው።»

«እሺ። እንግዲያው ያበባ ጌጥ ያለው ረጅሙ ራስጌ ላይ ይሁን፣ ለዓይንም ያምራል። ግርጌው አፈር ይግባ።»

«አይሆንም። አበባ ያለው ታች ይግባ። አጭሩ ነው ላይ የሚሆነው።»

«እንዴ! ሰው ተዘቅዝቆ ይቆማል እንዴ? ራስጌው እኮ ሊቀበር ነው!»

«የሷ ራስጌ ላይ ነው። አንተ ዝም ብለህ በይድ።»

በያጁ ሐዘን ነው ያናገራት ብሎ ትከሻውን ሰበቀና መነጽሩን አወረደ። ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ ቀለም ሊቀባው ሲል ደግሞ እንደገና አስቆመችው። ከላይ በኩል ያለ አንድ ብረት ነበር፤ ቀለሙ መሐሉ ላይ ተልጦ ብረቱ እንደ ማንኪያ ያብረቀርቃል። «እዚህ ጋ ቀለም እንዳታስነካ፤» አለችውና ራሷ የስፌት መኪና ዘይት በጨርቅ ቀባችው።

ሲተከልም እሷ ናት ያዘዘችው። ሁለት ጉድጓድ እስከ ጉልበት ተቆፈረ፤ ውሃ እንዳይቋጥር ከሥር ጠጠር ገባ፤ ያበባው ራስጌ እግሮቹ እዚያ ቆሙና አፈሩ ተደልድሎ ተረገጠ። ከላይ በሁለት የብረት ኩላብ ከግድግዳው ጋር ተያዘ። በያጁ ልጥፍ ሊያደርገው ሲል «አንድ መዳፍ አርቀው!» ብላ ጮኸችበት። ግድግዳው ሲግል ቅጠሉን ይጠብሰዋል፣ ደግሞም ፍሬ ለመቅጠፍ እጅ ከጀርባው መግባት አለበት። «ሳትማሪ መሐንዲስ ሆንሽ እኮ፤» አላት። «መሐንዲስ አይደለሁም፤ ልብስና ገላ መሐል ክፍተት ካልተውክ ሰውየው አይተነፍስም፤» አለችው።

ከሥሩ ፎሶሊያ፣ ኪያርና አዲስ የቲማቲም ችግኝ ተከለች። ፎሶሊያው ማንም ሳይነግረው ተጠመጠመ። ኪያሩ ቀጫጭን ጅማቱን እየላከ እንደ ሕፃን ጣት ሽቦውን ጭምድድ አድርጎ ያዘ። ቲማቲም ግን ሰነፍ ነው፤ ካላሰሩት ይጋደማል። መርፌ ደግሞ የላላ ስፌት ነውር ነው ተብላ ያደገች ሴት ናት። የቲማቲሞቹን ግንድ በናይለን ክር፣ ልክ የካፖርት ቁልፍ እንደምትተክል፣ አዙራ አዙራ አጥብቃ ቋጠረቻቸው። ቋጠሮው አያሳፍርም ነበር። ግንዱ እየወፈረ ሲመጣ ግን ክሩ አልሰጥ አለው፣ ሥጋው ውስጥ ገብቶ ቆረጠው። አንድ ጠዋት ስትወጣ ግማሹ ቲማቲም ጠውልጎ ተንጠልጥሏል። «በገዛ እጄ አነቅኋቸው!» ብላ በርጩማው ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ስለ ቲማቲም ብቻ አልነበረም ያለቀሰችው፤ እናቷ ከሞተች ጀምሮ እንባ ጠብ ብሎላት አያውቅም ነበርና ያን ቀን ወጣላት።

ከዚያ ገብታ ሳጥኗን ከፈተች። ያን የሳሳውን የእናቷን አንሶላ አወጣችና ቅድድ ቅድድ አደረገችው። ብጣሹን አንዴ በሽቦው፣ አንዴ በግንዱ፣ ስምንት ቁጥር እየሠራች ላላ አድርጋ አሰረች። ያ ጨርቅ ይይዛል እንጂ አያንቅም። ቲማቲሙ እስከ ጣራው ክፈፍ ወጣ። በያጁ ሳይቀር ኪያሩን እየገመጠ «ተዘቅዝቆም ይሠራል ለካ፤» ማለት ጀመረ። ልብስ ሊያሰፋ የመጣ ሁሉ እፍኝ ፎሶሊያ ሳይዝ አይሄድም። መርፌም ከመኪናዋ ቀና ስትል የምታየው አገኘች።

ይኼ ነው እንግዲህ ወንድምየው ልወስደው ነው የመጣሁት ያለው።

«ለምንህ ነው?» አለች ከበርጩማው ሳትወርድ።

«አዲሱ ቤት አለቀ። አንድ ወዳጄ ቤት ሄጄ ምን አየሁ መሰለሽ፣ የእናቱን አሮጌ ወንበር አሳምሮ ሳሎኑ ጥግ ላይ መብራት አድርጎለት! ለመጣ እንግዳ ሁሉ 'የእናቴ ናት' ይላል። እኔስ እናት የለኝም? አልጋውን ወርቃማ ቀለም አስቀብቼ ሳሎን አቆመዋለሁ። ቅርስ ነው እኮ!»

«ለብረት ለቃሚ ስጪው ያልከኝ ዝገት ነው ቅርስ የሆነው?»

«ሐዘን ላይ ሆኜ ነዋ ያን ያልኩት። ደግሞ አንቺስ ምን አደረግሽው? የእናታችንን አልጋ ደጅ ገትረሽ ኪያር ታስወጪበታለሽ? አታፍሪም? ሰው ምን ይላል?»

አታፍሪም አላት! ማን? እሱ! ማንን? እሷን! መርፌ ግን ፊቷን ወደ ቲማቲሟ መልሳ ማሰሯን ቀጠለች። የፈቀደች መሰለው መሰለኝ፣ ገመድ ይዞ የሚጠብቀውን ሹፌሩን «ና እስቲ ያዝልኝ፤» አለና የቆመውን አልጋ በሁለት እጁ ጨብጦ ነቀነቀው። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል። ኪያር ዱብ ዱብ አለ። ፍሬ ያዘለ የቲማቲም ቅርንጫፍ ቀጭ ብሎ ተሰበረ። አንዱ ብጣሽ ተበጥሶ ወንድምየው እጅ ላይ ቀረ።

«ይኼ ደግሞ ምን ቡትቶ ነው?» አለ ጨርቁን እያራገፈ።

ይኼን ጊዜ ነው ቱግ ያለችው። ከበርጩማው ስትወርድ ሹፌሩ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አፈገፈገ።

«የእማዬ አንሶላ ነው! የእናትህ! ታውቀዋለህ አይደል? አጥበኸዋላ! ስትታመም፣ ስታበላሽ፣ አንስተህ ቀይረህላታላ! አላወቅከውም? ከየት ታውቀዋለህ! አንተ የምታውቀው ቅርሱን ነው!»

«ድምፅሽን ቀንሺ፤ ሰው እየሰማ ነው።»

«ይስማ! አንተ ቀብር ላይ ስትጮኽ ሰው ሰምቶ የለ? ዛሬ ተራው የኔ ነው!»

በያጁ ሥራውን አቁሞ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ብቅ ብሏል። ጎረቤትም በመስኮት። ወንድምየው ፊቱ ቀላ፤ ወደ ኋላ ማለትም ሞት መሰለው።

«እኔም ልጇ ነኝ!» አለ ጮክ ብሎ። «የናቴ ንብረት ላይ ድርሻ አለኝ። አንቺን ብቻ አልወለደችም!»

«ድርሻ? ድርሻህን ነው የምትፈልገው? የቱን ልስጥህ? ማገላበጡን ልስጥህ? ወገቧ እንዳይቆስል ስቀባው ያደርኩትን ዘይት ልስጥህ? ወይስ ባንተ ስም የሳምኳትን ልቁረጥልህ? እሱ እንኳ ብዙ ነው፣ መኪናህ አይበቃውም!»

ሹፌሩ ገመዱን ወደ ጀርባው ደበቀ። መርፌ ትንፋሿን ሰበሰበች። ከዚያ ድምፅዋ ዝቅ አለ፤ የሚያውቋት ሰዎች የሚፈሩት ያን ጊዜ ነው።

«እሺ ጋሼ፤ ውሰደው። ቲማቲሙም ይድረቅ፣ ኪያሩም ይድረቅ። አንድ ነገር ብቻ መልስልኝ። ሳሎን አቁመህ ለሰው ልታሳይ ነው። እንግዳው 'እናትህ ራስጌዋ በየት በኩል ነበር?' ቢልህ የቱን ታሳየዋለህ?»

ወንድምየው የእፎይታ ሳቅ ሳቀ። «ይኼም ጥያቄ ሆኖ!» አለ። በሚያብለጨልጨው ጫማው ጫፍ የታችኛውን ቅጠል ገለጥ አደረገና ያበባውን ጌጥ አሳየ። «ይኸውልሽ፣ አበባ ያለው። ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ራስጌ! ያውም ዘቅዝቀሽ ቀብረሽዋል።»

በያጁ እንደሆነ አሁንም እንዳልገባው ነው፤ «እኔም ብያት ነበር፤» ብሎ አጉረመረመ።

መርፌ በርጩማው ላይ ተመልሳ ወጣች። ላይ፣ የፎሶሊያው ቅጠል ከጣራው ክፈፍ ጋር የተያያዘበትን በሁለት እጇ ገለጠችው። ያ ቀለም ያላስነካችው ብረት ፀሐይ አርፎበት ብልጭ አለ።

«ራስጌዋ እዚህ ነበር፤» አለች።

«ያ እኮ ግርጌው ነው።»

«ለአልጋው ግርጌ ነው። ለእማዬ ራስጌ ነበር። አበባ ባለው በኩል ስትተኛ በሩ ከራሷ በስተኋላ ይሆንባታል። 'ልጄ ሲገባ ልየው፤ አዙሪኝ፤' አለችኝ። አልጋውን እንዳላዞር ክፍሏን ታውቃታለህ፣ መዞሪያ የላትም። እሷን አዞርኳት። ትራሷን ግርጌ አደረግኩላት። ከዚያ ወዲያ እስከሞተችበት ቀን ድረስ እጇን ከራሷ በላይ ልካ ይህን ብረት ይዛ፣ ቀና እያለች በር በሩን ስታይ ኖረች። ቀለሙን የላጠው እጇ ነው። በሩ ሲንኳኳ ጭብጥ ታደርገዋለች። ደንበኛ ሆኖ ሲገኝ ትለቀዋለች። ሲንኳኳ ትጨብጠዋለች፤ አንተ አይደለህም፣ ትለቀዋለች።»

ሹፌሩ ነው መጀመሪያ የተንቀሳቀሰው። ገመዱን ክርኑ ላይ ጠቅልሎ ሄደና የመኪናውን የኋላ መዝጊያ ዘጋ። ወንድምየው ዝጋውም አላለው፣ ክፈተውም አላለው። ያን የሚያብረቀርቅ ብረት አንጋጦ እያየ ቆሞ ቀረ። ብጣሹ ጨርቅ አሁንም እጁ ላይ ነበር። ቡትቶ ያለውን አሁን እንዳይጥለው ፈርቶ ጨብጦታል።

መርፌ አላዘነችለትም። በሰው ፊት ገመናውን ልትሸፍንለትም አልፈለገችም። እጇን ዘርጋ አድርጋ «አምጣው፤» አለችው። ጨርቁን ሰጣት። የተሰበረውን ቅርንጫፍ ቀጥ አድርጋ ከሽቦው ጋር አስጠጋችና አንዴ በሽቦው፣ አንዴ በግንዱ፣ ላላ አድርጋ ማሰር ጀመረች።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አለ። ድምፁ ያ የሱቅ ድምፁ አልነበረም።

«ነግሬሃለሁ።»

«መቼ?»

«ያዞርኳት ዕለት ደወልኩልህ። 'ትራሷን ግርጌ አድርጊልኝ አለች፣ አንተን ለማየት ነው፣ ዛሬውኑ ና፤' አልኩህ።»

«እኔ ምን አልኩ?»

መርፌ ቋጠሮውን ጨርሳ በጣቷ ላላ መሆኑን ሞከረችና ወደ ታች አየችው።

«'ሳሚልኝ' አልከኝ።»